ያልተጠጣው ብርጭቆ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መለኪያው ሰባ አራት ይላል።

መጀመሪያ ዓይኔን አሸሁ። ከዚያ መስታወቱን በእጅጌዬ ጠረግኩት። ሰባ አራት። ትናንት ማምሻውን ስወጣ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ሥራ ከጀመርኩ በስምንት ወር ውስጥ ከሃያ ሦስት አልፎ አያውቅም። ከመለኪያው ጎን ኢንጂነር ሰብሌ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፦ «ከ60 ካለፈ አትክፈት። ደውልልኝ።»

ከግድግዳው ማዶ ጀሪካን ሲጎተት ይሰማኛል። ሰልፉ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነው የሚያዘው። የከተማው ውሃ ከሄደ ዘጠኝ ቀኑ ነው። በዚያ ላይ የብሎክ አሥራ አራቱ አቶ መኳንንት ከትናንት ወዲያ አርፈው፣ ከደብረ ማርቆስ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ለቀስተኛ መጥቷል፤ ግቢው መሃል ድንኳን ተጥሏል። ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን በሩን ከፍቼ እወጣለሁ፣ ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ እቀዳለሁ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ እጠጣለሁ። ሰው የሚቀዳው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ካልጠጣሁ ማንም አይቀዳም።

ሰላሳ ደቂቃ ቀርቶኛል።

ግቢያችን ከቤቴል ገባ ብሎ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ከየቤቱ የሚወርደው የመታጠቢያው፣ የወጥ ቤቱ፣ የሽንት ቤቱም ውሃ ተሰብስቦ እኔ ወደምውልባት ቆርቆሮ ቤት ይመጣል። መጀመሪያ ትልቁ ጉድጓድ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ቆሻሻውን ይበሉታል። ቀጥሎ እንደ ፓስታ በቀጠኑ ክሮች ተጠብቶ ያልፍና መካከለኛው ሮቶ ውስጥ ያርፋል። ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። ሜምብሬን ይባላል፤ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ነጭ ቱቦ ውስጥ የተቀመጠ፣ ከሽንኩርት ቅርፊት የሳሳ ነገር ነው። ፓምፑ ውሃውን በኃይል ይገፋበታል። ውሃው ያልፋል፤ ጨውም፣ የመድኃኒት ትራፊም፣ ጀርምም ወዲያ ማዶ ይቀራል። ያለፈውን ደግሞ በመጨረሻ ጀርም የሚገድል ሰማያዊ መብራት ይመታዋል፣ ትንሽ ክሎሪን ጠብ ይልበታል፣ ጣሪያ ላይ ወዳለው አሥር ሺህ ሊትር ሮቶ ይወጣል። መለኪያው የሚያየው ምን ያህል ጨው ሾልኮ እንዳለፈ ነው። ቁጥሩ ከወጣ ሜምብሬኑ አንድ ነገር ሆኗል። ጨው በሾለከበት ደግሞ ሌላም ይሾልካል።

ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ ሰብሌ ናት፤ የኔ ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ አበቃ። ሥራው ይስማማኛል፤ ብቻዬን የምውልበት ነው። ፓምፑ ሲያጉረመርም ተቀምጬ ውሃው የት የት እንደዋለ አስባለሁ። ማን ፊቱን ታጠበበት፣ የማን ድስት ተለቀለቀበት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ቧንቧውን ከፍቶ ልቅሶው እንዳይሰማ አደረገበት። ሁሉም እኔ ጋ ይመጣል፤ ከኔ ጋ ሲወጣ ግን የማንም አይደለም።

መጀመሪያ የተከፈተ ሰሞን ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ጀሪካን አልተቀዳም። ማሙሽ የሚባል የብሎክ ዘጠኝ ሚኒባስ ነጂ በበሩ ባለፈ ቁጥር «የማታውን ቢራዬን ጠዋት በብርጭቆ ልትመልሱልኝ ነው?» ይላል፤ ሰው ይስቃል። ነገሩን የቀየሩት እትዬ ጽጌማርያም ናቸው። የእድሩ ዕቃ ኃላፊ ናቸው፣ ግቢው ሁሉ የሚያከብራቸው። አንድ ጠዋት እጄን ይዘው አወጡኝና፣ «ጠጅ አሳላፊ እንኳ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው ለሰው የሚሰጠው። አንተ ምን ስለሆንክ ነው ሳትቀምስ የምትሰጠው?» አሉኝ። ጠጣሁ። ሁለተኛውን እሳቸው ጠጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እወጣለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ባዶውን ብርጭቆ ከፍ አድርጌ አሳያለሁ፣ እገባለሁ። አንድም ቃል ተናግሬ አላውቅም። ለዚያም ነው የወደድኩት።

ለሰብሌ ደወልኩ።

«ስንት አልክ?»

«ሰባ አራት። አሁን ሰባ አምስት ሆነ።»

ከጀርባዋ የታክሲ ረዳት ይጮኻል፤ ጦር ኃይሎች ደርሳለች። «ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«አልጠፋም።»

«እንግዲያው ሜምብሬን በአንድ ሌሊት እንዲህ አይሆንም ኪዱ። የመካከለኛውን ሮቶ ክዳን ክፈትና አሽትተው።»

መሰላሉ ላይ ወጥቼ ክዳኑን አነሳሁ። ዓይኔን ለበለበኝ። ማሽተትም አላስፈለገኝ።

«በረኪና» አልኳት።

የመኪና ጥሩንባ ብቻ ይሰማኛል።

«በረኪና ምን ሊሠራ እዚያ ይገባል? ማነው?»

«እኔ አይደለሁም።»

«ስማኝ። ሜምብሬኑ ክሎሪን እንደማይችል ታውቃለህ፤ ያቃጥለዋል። ማታ ከገባ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላው ነው ያደረው። ጣሪያው ሞልቷል?»

«ሞልቷል።»

«የሞላው ሌሊት ባለፈው ውሃ ነው ማለት ነው።»

«መብራቱኮ አለ። መጨረሻ ላይም ክሎሪን አለ።»

«አለ። ምናልባት ምንም አይሆንም። ምናልባት! ላቦራቶሪ ሳይገባ ግን ንጹሕ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ አልነግርህም። ምርመራው አንድ ቀን ይፈጃል። አትክፈት። መንገዱ ተዘግቷል እንጂ እየመጣሁ ነው፤ ካልሆነም በእግ—» ተቋረጠ።

ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ የጓዳው በር ተከፈተ። ከኔ ክፍል ጎን ያለው ጓዳ የእድሩ ዕቃ ቤት ነው፤ ድስቱም፣ አግዳሚ ወንበሩም እዚያ ነው የሚቀመጠው። ቁልፉ ያለው እትዬ ጽጌ ጋ ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።

«ኪዳንዬ፣ እንዴት አደርክ? ያቺን ሰፊዋን ሳፋ ፈልጌ ነው።»

«እትዬ፣ ማታ እዚህ የገባ ሰው አለ?»

«እኔ ነኝ የገባሁት። ምነው?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ደስ ያላቸው ይመስላሉ። «የመኳንንት እህት ትናንት ከደብረ ማርቆስ መጥታ፣ ውሃ ሲሰጧት 'ይሄ ያ ነው የሚባለው?' ብላ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። ከንፈሯ ደርቆ አመሸች። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ስለዚህ ለድስት ማጠቢያ የገዛነውን በረኪና፣ ያቺን ባለ አምስት ሊትሯን፣ ሦስት ጨመርኩበት።»

«መካከለኛው ላይ?»

«ታዲያስ! ከላይኛው ላይ ብጨምረው ይሸታል፣ እንግዳ ፊት ያሳፍራል። ከማሽኑ በፊት ከሆነ ጀርሙን እሱ ይገድላል፣ ሽታውን ደግሞ ማሽኑ ያስቀረዋል አልኩ።» ፊቴን አዩት። «ምነው? አጠፋሁ እንዴ?»

ሐሳባቸው ልክ ነበር እኮ። እኛም ቤት በርሜል ሲቀዳ እናቴ በቡሽ ለክታ በረኪና ጠብ ታደርጋለች፤ የማያደርግ ቤት የለም። ሜምብሬን እንደሚያቃጥል የሚያውቅ ሰው በግቢው ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለማንም አልነገርኩም። ማን ጠይቆኝ?

ነገርኳቸው። ጥግ ላይ ያለ ከረጢት ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሰው ይታመማል?»

«አላውቅም እትዬ። ላይታመምም ይችላል። ግን ዛሬ አንከፍትም።»

«ኪዳን» አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ። «እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት በርሜል ቀድቻለሁ። በውስጠኛው ቧንቧ። ለድንኳኑ።»

«ለሻይ?»

«ሻዩስ ይፈላል። አንዱ የመጠጥ ነው።»

«ማንም እንዳይነካው! አሁኑኑ ይሂዱ!»

ተነሱ፣ ግን አልሄዱም። ለምን እንደሆነ ገባኝ። እንግዳ ፊት እንዳያፍሩ ብለው ያደረጉትን፣ አሁን እዚያው እንግዳ ፊት ቆመው ሊናገሩት ነው። በዚህ መሃል የፊተኛው በር ተንኳኳ፤ አቶ ደግፌ ናቸው፣ የግቢው ኮሚቴ ሊቀመንበር። መጋዘን ሲያስተዳድሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ዛሬም ቢሆን ሰውን እንደ ዕቃ ቦታ ቦታውን ያስይዛሉ።

«ምንድነው? ሰው በዝቷል፣ ዛሬ ቀደም አድርገህ ክፈት።»

«ጋሼ ደግፌ፣ ዛሬ አይከፈትም።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

«ደግፌ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ እትዬ ጽጌ።

«ማን ጠየቀሽ? ዝም በይ! ማንም ምንም አላጠፋም። ይጠጣል፣ ያልፋል።» ወደኔ ዞሩ። «ሐሙስ የሚጎበኙን ሰዎች አሉ። አይተው ከወደዱት ለሌሎች ሦስት ግቢዎች ይሠራል። ዛሬ አልጠጣም ብትል ምን እንደሚባል ታውቃለህ? ስምንት ወር ሽንት አጠጡን ነው የሚባለው! ሰው አንዴ ከተጸየፈ አትመልሰውም።»

እትዬ ጽጌ በጓዳው በር ወጡ። ወደ ድንኳኑ ይሁን ወደ ቤታቸው አላየሁም።

«ሰብሌ አትክፈት ብላኛለች።»

«መብራቱ አለ፣ ክሎሪኑ አለ አላለችህም?»

«ምናልባት ነው ያለችው።»

«እኔስ ምን አልኩ? ምናልባት! እኔና አንተስ ነገን የምናየው በምናልባት አይደል? ስማ ልጄ።» ክንዴን ያዙኝ። ጨካኝ አልነበሩም፤ ጭንቀታቸው እጃቸው ላይ ይሰማኛል። «አፍህ ውስጥ ያዘው። ዞር ስትል ትፋው። እኔ ለሰው አንድ አንድ ጀሪካን ብቻ፣ ለዕቃ ማጠቢያ ነው እላለሁ። ማን ይጎዳል?»

መለኪያው ሰባ ዘጠኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ላደርገው ነበር። አንድ ጉንጭ ውሃ አፍ ውስጥ መያዝ ቀላል ነው። ያንን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ መናገር ግን በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም። ትምህርት ቤት ተነሥተህ መልስ ስባል እንኳ እያወቅኩት «አላውቅም» ብዬ የምቀመጥ ልጅ ነበርኩ።

አንድ ሰዓት ሆነ። በሩን ከፈትኩት።

ሰማንያ ሰው ይሆናል። ቢጫ ጀሪካኑ እስከ ብሎክ ስድስት ድረስ ተሰድሯል። ማሙሽ ከፊት ነው።

«ኧረ ቀማሹ! ዛሬማ እንደ ባለሥልጣን ማስጠበቅ ጀመርክ!»

ተሳቀ። ብርጭቆውን ቧንቧው ሥር ያዝኩት። ሞላ። ወደ ብርሃኑ አነሳሁት፤ ጥርት ያለ ነው። ያስፈራኝ ይኼ ነው። እንደ ትናንቱ፣ እንደ ሁልጊዜው ጥርት ያለ። አይሸትም። ጋሼ ደግፌ ከጎኔ ቆመው ክርኔን በሁለት ጣት ነካ አደረጉኝ። ብርጭቆውን ወደ አፌ አቀረብኩት። ጠርዙ ከንፈሬን ነካው።

ከሰልፉ ሦስተኛዋ ሴት ያዘለችው ሕፃን የእናቱን ነጠላ ጫፍ እየጠባ ያየኛል።

ብርጭቆውን አወረድኩት።

«አልጠጣም» አልኩ።

«ምን አለ?»

«ምን አልክ? አፍህን ክፈት!»

«ዛሬ አልጠጣም!» ድምፄ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ። «እናንተም አትቀዱም። ማጣሪያው ተበላሽቷል።»

ከዚያ ሁሉም ባንዴ ተናገረ። ጀሪካን በእግር ተመታ።

«ይኸው! እኔ ብያለሁ!» አለ ማሙሽ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ስንት ጊዜ ተናገርኩ? የገዛ ሽንታችንን!»

«ዘጠኝ ቀን ውሃ የለም እኮ! ምን እንጠጣ?»

«ትናንትስ?» አሉ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ። «ትናንትም ተበላሽቶ አጠጥተኸን ቢሆንስ?»

«ትናንት ደህና ነበር አባባ። አሥራ ዘጠኝ ነበር።»

«አሥራ ዘጠኝ ምን?»

ምን ብዬ ላስረዳ?

«ማነው ያበላሸው?» ሲል አንዱ ጮኸ። «አንተ ነህ?»

ጋሼ ደግፌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የእትዬ ጽጌን ስም መጥራት ቀላል ነበር። አንድ ስም ብናገር ሰማንያ ጥንድ ዓይን ከኔ ላይ ይነሣል።

«ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ» አልኩ። «ምን እንደሚያበላሸው ለሰው መንገር የኔ ሥራ ነበር። አልነገርኩም።»

«አንተማ መቼ ትናገራለህ!» አለ ማሙሽ፣ ግን በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

ከድንኳኑ በኩል የቆርቆሮ ድምፅ አስተጋባ። አንድ ጊዜ። ቆይቶ ሁለተኛ። ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። በብሎኮቹ መሃል ባለው ንጣፍ ላይ ውሃ እየተንሸራተተ ወደኛ መጣ፤ ሴቶች እግራቸውን አነሡ። ከውሃው ኋላ እትዬ ጽጌ መጡ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል፣ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ የለም። አሥር የሚሆኑ ለቀስተኞች ግራ ገብቷቸው ይከተሏቸዋል።

«ገለበጥኩት» አሉኝ፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። «ሁለቱንም።»

«የጠጣ አለ?»

«ሁለት ሰው። አንደኛው የመኳንንት ወንድም ነው፣ አንደኛዋ ጎረቤቴ። ለሁለቱም ነግሬያለሁ፤ ሆዳቸውን ካመማቸው ሐኪም ቤት እንዲሄዱ፣ ውሃው የምን እንደሆነም እዚያ እንዲናገሩ።» ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞሩ። «ይህን ልጅ ምን ትጮኹበታላችሁ? እኔ ነኝ። እንግዳ ፊት እንዳላፍር ብዬ በረኪና ጨምሬበት ማሽኑን አቃጠልኩት። እሱ ሳያውቅ። በቃ፣ እኔን ስደቡኝ።»

ማንም አልሰደባቸውም። ያ ደግሞ የባሰ ነበር። አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆመው ስድቡን ይጠብቃሉ፤ ሰው ሁሉ ግን ጀሪካኑን ያያል። እትዬ ጽጌ ለአንዱ ለልጁ ቀሚስ አበድረውታል፣ ለሌላው ለእናቱ ቀብር ድስት አውጥተውለታል። ከለቀስተኞቹ መሃል ረዘም ያለች ጥቁር የለበሰች ሴት ወደፊት መጣች፤ የሟች እህት መሆን አለባት። የራሷን ነጠላ አውልቃ የእትዬ ጽጌ ባዶ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላቸውና ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።

ስልኬ ነዘረ። የሰብሌ መልእክት ነው፦ «ለላቦራቶሪ ሁለት ጠርሙስ ያዝ። የቀረውን አፍስሰው። በእግሬ ነኝ፣ ሃያ ደቂቃ።»

ሁለት ጠርሙስ ሞላሁ፣ ሰዓቱን ጻፍኩበት። ከዚያ የጣሪያውን ሮቶ ማፍሰሻ ከፈትኩት። ውሃው ከቱቦው በኃይል ወጥቶ ቦዩን ሞላ። አሥር ሺህ ሊትር። ሰዉ አልሄደም ነበር። ባዶ ጀሪካኑን ይዞ በቦዩ ዳርና ዳር ቆሞ ያያል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በሕልሙ ያየው ውሃ በፊቱ እየተንፎለፎለ ወደ ወንዝ ሲወርድ ያያል። ጋሼ ደግፌ ፊታቸውን አዙረዋል።

«ዘነበወርቅ በኩል ትናንት ውሃ መጥቷል ብለዋል» አለ ማሙሽ፤ የሚኒባሱን ቁልፍ እያንኳኳ ነው፣ ማንንም አያይም። «የለቅሶውን በርሜልና አንድ አሥራ አምስት ጀሪካን ይይዝልኛል። ቶሎ በሉ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ገሚሱ ወደሱ ሲሄድ ወርቄ የምትባል የብሎክ ሦስት እናት አጎነበሰች። ጀሪካኗን ቦዩ ውስጥ አጋድማዋለች፤ ተሞልቷል ማለት ይቻላል።

«እትዬ ወርቄ፣ ይቅር።»

«ለልብስ ነው። ለልብስ ብቻ ነው ኪዳን፣ በማርያም። ካጠብኩ ሁለት ሳምንቱ ነው።»

«ለልብስማ ምን አለበት?» አሉ ጋሼ ደግፌ ሳይዞሩ።

ምንም የለበትም ይሆናል። ግን ቤት ከገባ በኋላ ጀሪካን ሁሉ አንድ ነው፤ ከበሩ ጀርባ ይቀመጣል፣ እሷ ገበያ ትሄዳለች፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ጠምቶት ይመጣል። በኩባያ ይጨልፋል። ለልብስ ነው ለመጠጥ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የለም።

«አይሆንም» አልኳት። «ልጆችሽ አይጠይቁትም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ ነገር የምጨምር መስሏት ጠበቀች። እትዬ ጽጌ መጥተው ከጎኔ ቆሙ። ወርቄ ጀሪካኑን ከቦዩ አወጣች። ጀሪካኑን በሁለት እጇ አዘንብላ፣ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል፣ ጫማዬ አጠገብ ትደፋው ጀመር። ጉልቅ፣ ጉልቅ ይላል። ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ባዶ እስኪሆን ያን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አላውቅም ነበር።